እንጀራ በአፕ አይጋገርም፦ «ያለ ስማርት ስልክ ቻርጅ የለም» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በየስልኩ ሲዞር እኔም ዘንድ ደረሰ። በአንድ ቀን ሦስት ደንበኞቼ ልከውልኛል፤ አንዱማ «እንግዲያ አንተ የነገርከኝ ሁሉ ውሸት ነበር?» ብሎ ጽፎበታል። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ የወደፊቱ ቻርጅ በአፕ ብቻ ነው፤ በካርድ፣ በአጭር ቁጥር ወይም በሰው የሚሠራ ቻርጀር ይኑር ማለት ወደ ኋላ መጎተት ነው። ለዚህም አምስት ምክንያት ደርድረዋል። አፕ የደኅንነት ጉዳይ ነው፤ ያለ አፕ ክፍያ ለሌብነት በር ይከፍታል፤ የሠለጠነው ዓለም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው፤ መኪና የገዛ ሰው ስማርት ስልክ አያጣም፤ ጣቢያ ማግኘትም ሆነ ቻርጁን መከታተል ያለ ስልክ አይሆንም።

እኔ ባሕር ዳር የኤሌክትሪክ መስመር ዘርጊ ነኝ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ በ2016 ጥር ላይ ከተነገረ ወዲህ፣ ሥራዬ ከአምፖልና ከምጣድ መስመር ወደ መኪና ቻርጀር እየዞረ መጥቷል። ራሴም ቢዋይዲ ሲጋል የምትባለውን ትንሽ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና እነዳለሁ። አፕ ጠል አይደለሁም፤ ስልኬ ላይ አራት የቻርጅ አፕ አለ። የምከራከረው «ብቻ» ከምትለው ቃል ጋር ነው።

ከደኅንነቱ ልጀምር። ሰው የሚፈራው እሱን ስለሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ጽሑፉ በጣም የሳተውም እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ጸሐፊው መኪናውንና ቻርጀሩን የሚያስተዋውቀው፣ ከቃጠሎም የሚጠብቀው አፑ ነው ይላሉ። አይደለም። ገመዱ ውስጥ ከወፋፍራሞቹ ሽቦዎች ጎን አንዲት ቀጭን ሽቦ አለች። ቻርጀሩ እሷ ላይ 12 ቮልት ይዞ ይጠብቃል። መኪና ሲሰካ ቮልቱ ወደ 9 ይወርዳል፤ «መጥቻለሁ» ማለት ነው። መኪናው ለመቀበል ሲዘጋጅ ወደ 6 ያወርደዋል። ቻርጀሩ ውስጥ ያለው ማብሪያ «ቋ» ሲል የምትሰሙት ያን ጊዜ ነው። በዚያችው ቀጭን ሽቦ ላይ ደግሞ በሰከንድ 1,000 ጊዜ የሚመላለስ ምት አለ፤ ቻርጀሩ የአቅሙን ልክ የሚናገረው በእሱ ነው። ምቱ ከጊዜው 53 በመቶውን ከበራ 32 አምፔር ውሰድ ማለት ነው፤ 27 በመቶ ገደማ ከሆነ 16 አምፔር። ሶኬቱ ቢነቀል ወይም ሽቦዋ ብትበጠስ መስመሩ ወዲያው ይቋረጣል። ቮልት መለኪያ ይዛችሁ ኑ፣ ግቢዬ ውስጥ አሳያችኋለሁ።

ፈጣን ቻርጀሮቹም ቢሆኑ ያው ናቸው። እኛ አገር የበዙት የቻይና መኪኖች የሚጠቀሙበት የጂቢቲ ሶኬት የራሱ የመነጋገሪያ መስመር አለው። መኪናው የባትሪውን ቮልቴጅ፣ ሙቀቱን፣ ስንት አምፔር እንደሚፈልግ ለቻርጀሩ ይነግረዋል፤ ባለ 17 ፊደልና ቁጥር የሻንሲ መለያውን ሳይቀር መናገር ይችላል። ይህ ሁሉ ወሬ በመኪናውና በሳጥኑ መካከል ነው። ስልካችሁ የሚመጣው «ማን ይከፍላል?» ሲባል ነው።

ታዲያ ደኅንነቱ ከምን ይመጣል? ባለፈው ክረምት ሽምብጥ አካባቢ ያለ ደንበኛዬ ደወለልኝ። «አፑ እምቢ አለኝ» ይላል። ከመኪናው ጋር የመጣው አፕ የቻይና ስልክ ቁጥር ነው የሚጠይቀው። እሱም ጓንዡ ለንግድ የሄደ የአጎቱን ልጅ ቁጥር አስገብቷል፤ ማረጋገጫ ቁጥሩ የሚላከው ለዚያ ልጅ ነው። እዚህ ማታ 3 ሰዓት ሲሆን እዚያ ሌሊት 8 ሰዓት ነው። ልጁ ተኝቷል፣ ቁጥሩ ጊዜው ያልፍበታል፣ እንደገና ይላካል፣ እንደገና ያልፍበታል። ሁለት ሌሊት እንዲህ አደሩ። ስሄድ ከመኪናው ጋር የመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ቀይ መብራት አብርቶ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። ሶኬቱን ፈታሁት። በጎንና በጎን ያሉት የግራውንድ (የመሬት ሽቦ) ብረቶች ከምንም ጋር አልተያያዙም፤ ቤቱ ሲሠራ ሦስተኛዋን ሽቦ ማን ያስታውሳል! ቻርጀሩ «የመሬት ሽቦ ስለሌለ አልሠራም» እያለ ነበር፤ ሰውየው ግን ጥፋቱን ከስልኩ ይፈልጋል። አንድ ሜትር ተኩል የመዳብ ዘንግ ጓሮው ውስጥ ቀጠቀጥኩ። የጣና ዳር አፈር በክረምት ቅቤ ነው፣ መዶሻም አይፈልግ። አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ሳብኩና አሰርኩ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። አፑ እስከ ዛሬም አልተከፈተለትም፤ መኪናው ግን በየሌሊቱ ይሞላል።

እግረ መንገዴን፦ ቀዩን መብራት ለማታለል ኒውትራሉን (የኮረንቲውን መመለሻ ሽቦ) ከግራውንዱ ጋር የሚያገናኙ ባለሙያ ተብዬዎች አሉ። ኒውትራሉ አንድ ቀን ከተበጠሰ የመኪናው አካል እንዳለ ኮረንቲ ይሆናል። በር ልትከፍት እጇን የዘረጋችው ልጅህ ናት። ጸሐፊው ስለ ደኅንነት አንድ ገጽ ሲጽፉ ስለዚህ አንድ መስመር ቢጨምሩ ኖሮ ምስጋናዬን እጽፍ ነበር።

ቤት ውስጥ ስለሚደረግ ቻርጅ ካነሳን አይቀር፣ ደንበኞቼን የማስረዳው በምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። ባለ 16 አምፔር ቻርጀር በ220 ቮልት 3.5 ኪሎ ዋት ነው። አንድ ናቸው። ምጣድ የቻለ መስመር መኪናም ይችላል፤ ልዩነቱ ምጣዱ በሁለት ሰዓት ሥራውን ሲጨርስ መኪናው ሌሊቱን ሙሉ መሳቡ ነው። ስለዚህ ለብቻው የተዘረጋ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር፣ የማይሞቅ ሶኬት ይፈልጋል። በማራዘሚያ ገመድ እንዳታስቡት፤ ቀልጦ ከግድግዳ ጋር የተጣበቀ ሶኬት በቢላዋ ፍቄ አውጥቻለሁ። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ምጣድና መኪና አብረው አይሰኩም፤ ቆጣሪው ይጥላል። እናቴ እንጀራ ለመጋገር አፕ ከፍታ አታውቅም፤ መኪናም በቤት ሲሞላ ከዚያ የተለየ ነገር አይፈልግም።

ወደ ክፍያው እንሂድ። ጸሐፊው ያለ አፕ ክፍያ ማለት ጥሬ ብር ማለት ነው፣ ጥሬ ብር ማለት ደግሞ ሌብነት ነው ይላሉ። መጀመሪያውኑ «ዲጂታል» እና «አፕ» አንድ ነገር አይደሉም። ቴሌብር በ2013 ግንቦት ሥራ ሲጀምር ጀምሮ *127# ብሎ የሚገባበት በር አለው፤ ባለ ቶርች ስልክም ይበቃዋል፣ ዳታ አያስፈልገውም። ነዳጅ ከ2015 ግንቦት ጀምሮ በመላ አገሪቱ በዲጂታል ብቻ ይከፈል ሲባል ስንቱ የባጃጅ ሹፌር በዚህ በር እንደገባ የነዳጅ ሰልፍ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል። አንድም ሳንቲም በጥሬው ሳይነካ።

ሁለተኛ፣ በእያንዳንዳችን ግድግዳ ላይ መልሱ ተሰቅሎ ሳለ ለምን ሩቅ እንሄዳለን? ካርድ ቆጣሪ ያለው ሰው ካርዱን ይዞ ሄዶ ያስሞላል፣ ቤቱ መጥቶ ይሰካል፣ ብሩ ይገባል፣ መብራቱ ይበራል። ኔትወርክ ኖረ አልኖረ ቆጣሪው ምን አገባው! ሌብነት ካለ ቆጣሪውን በጎን አልፎ መስመር በመሳብ ነው እንጂ በካርዱ አይደለም። የመኪና ቻርጀሮችም እንዲሁ መሥራት ያውቃሉ። አብዛኞቹ የሕዝብ ቻርጀሮች ፊት ላይ ካርድ የሚነካበት ቦታ አለ። ቻርጀሩ የታወቁ ካርዶችን ዝርዝር በሆዱ ይዞ፣ ከሚቆጣጠረው ማዕከል ጋር ባይገናኝም እንኳ ማስጀመር፣ ሒሳቡንም መዝግቦ ኔትወርክ ሲመለስ መላክ ይችላል። ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ ቻርጀሮችና ማዕከላቸው የሚነጋገሩበት የተለመደ ደንብ ውስጥ ያለ ነው። የሚጎድለው ባለቤቱ «ይከፈት» ማለቱ ብቻ ነው።

ሌብነትን አፕ ያጠፋል የሚለውን ደግሞ ያየሁትን ልንገራችሁ። ባለፈው ነሐሴ፣ ከሐይቁ ዳር አንድ ግቢ ውስጥ ካለ ፈጣን ቻርጀር ሄድኩ። ዝናቡ ጋብ ብሏል፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ከወረታ መጥተው ቆመዋል፤ ባትሪያቸው 9 ፐርሰንት ላይ ነው። የጥበቃው ልጅ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ አፕ አለዎት?» አላቸው። እሳቸው ከኮታቸው ኪስ ባለ ቁልፍ ስልክ አወጡ። ልጁ ሳቀ፣ በክፋት አይደለም። «ግዴለም፣ በኔ አፕ እከፍትልዎታለሁ፣ ብሩን በእጄ ይሰጡኛል፣ 50 ብር ደግሞ ለስልክ ካርድ።» እንዲህ ነው እንግዲህ፤ አፕ ብቻ በሚሠራበት ቦታ አፑ ጥበቃው ሆኖ አረፈው፤ ጸሐፊው የፈሩት ጥሬ ብር ከነጉርሻው በእጅ ሲገባ ደረሰኝ እንኳ የለውም። ልጁን አልወቅሰውም። በር የሌለው ቤት መስኮት ያበጃል።

የዚያን ምሽት ግን የእሱም አፕ አልከፈተም። ዳታ የለም። የቻርጀሩ ስክሪን በርቷል፣ መብራት አለ፣ ውስጡ ያለው ማራገቢያ ይጮኻል፤ መኪናው ተሰክቷል፣ ገመዱ ተቆልፏል፤ የምትሽከረከር ክብ ብቻ። አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ከዚያ የኔን ተንቀሳቃሽ ቻርጀር አውጥቼ፣ የሶኬቱን ግራውንድ ፈትሼ፣ ከጥበቃው ቤት በ10 አምፔር ሰካንላቸው። መምህሩ እኔ ቤት አደሩ፤ በሌሊት መንገድ እንደሁ የሚታሰብ አይደለም። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሲነቀል 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ጠጥቷል። ወረታ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ተርፏቸው ይሄዳሉ። በሚሊዮን ብር የተገዛው ሳጥን ከመኪናቸው አጠገብ እያንጎራጎረ አደረ።

ይህ ታሪክ «መኪና የገዛ ስልክ አያጣም» ለሚለውም መልስ ስለሆነ አላራዝመውም። እውነት ነው፣ አብዛኛው ባለ መኪና ስማርት ስልክ አለው፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር አልጣላም። ግን የገዛውና የሚነዳው ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው ያለው ማነው? ለመምህሩ መኪናውን የገዛላቸው ውጭ አገር ያለው ልጃቸው ነው። የድርጅት ሹፌር አለ፤ ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ የራሱ ነው፣ ሒሳቡ የድርጅቱ ነው። ስልኩ የተሰረቀበት፣ ባትሪው የዘጋበት አለ፤ መኪናህ ባትሪ እንዲያገኝ መጀመሪያ ስልክህ ባትሪ ይኑረው የሚል ሕግ የወጣ ይመስል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጸሐፊው የተቀመጡት አዲስ አበባ እንደሆነ ከጽሑፉ ይታወቃል። እኛ እዚህ ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ወራት ያለ ሞባይል ዳታ ኖረናል። መብራት ባለበት ቀን እንኳ ዳታ አልነበረም። በለስ ላይ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የውኃ ኃይል ማመንጫ የሚጠጣው ከዚሁ ከጣና ነው። ሐይቁ ዳር ተቀምጠን፣ መብራቱ እየበራ፣ መኪና መሙላት ያቃተን «ኢንተርኔት የለም» ተብለን ከሆነ ቻርጀሩን የገጠመው ሰው ነው መጠየቅ ያለበት።

የሠለጠነው ዓለም ነገር። እዚህ ላይ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚለው ተረት ትዝ አለኝ። ጸሐፊው አውሮፓን ይጠቅሳሉ፤ የሚጠቅሱት ግን የዛሬ አሥር ዓመት የነበረውን አውሮፓ ነው። ያኔ እውነትም እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱ አፕ ነበረው፤ አንድ ሹፌር ድንበር ለመሻገር አሥር አፕ ይጭን ነበር። ሰው ተማረረ። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ አወጣ፤ በእነሱ አቆጣጠር ከኤፕሪል 13 ቀን 2024 ጀምሮ የሚተከል፣ 50 ኪሎ ዋትና ከዚያ በላይ የሆነ የሕዝብ ቻርጀር የባንክ ካርድ መቀበል ግድ ሆነበት። ብሪታንያ በ2023 ባወጣችው ደንብ ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ ይህንኑ 8 ኪሎ ዋት ድረስ ለሚወርዱት አዳዲስ ቻርጀሮች አዘዘች። አሜሪካ ደግሞ በፌዴራል ገንዘብ የሚሠሩት ጣቢያዎች ከካርዱ በተጨማሪ በነፃ ስልክ መስመር ወይም በአጭር መልእክት እንዲከፈልባቸው ደነገገች። በአጭር መልእክት! የመምህሩ ባለ ቁልፍ ስልክ አሜሪካ ቢሄድ ቻርጅ ያስከፍት ነበር። በቻይና ግን ጸሐፊው ትክክል ናቸው፤ እዚያ ኪውአር ኮድ ነግሦአል። ይሁንና እዚያም ቢሆን «ገመዱን ሰክተህ ሂድ» የሚባለው አለ፤ ቅድም ያልኩት የሻንሲ መለያ ቀድሞ ተመዝግቦ፣ መኪናው ራሱ ማንነቱን ይናገራል፣ ሒሳቡ ይቆረጣል። እኛ የገዛናቸው መኪኖች ሶኬት ይህንን ይዞ ነው የመጣው።

መጨረሻ ላይ የቀረው መፈለግና መከታተል ነው። ለመፈለግ አፕ ጥሩ ነው። ወደማላውቀው ከተማ ስሄድ እኔም ካርታ ላይ ነው የማየው። ግን ማየት ሌላ፣ ፈቃድ መጠየቅ ሌላ ነው፤ ጽሑፉ ሁለቱን ቀላቅሏቸዋል። ለዚያውም ካርታው አረንጓዴ ያሳየው ጣቢያ ሄደህ ሰፈሩ መብራት ጠፍቶበት ታገኘዋለህ። ባሕር ዳር ውስጥ ጥበቃው ጋ መደወል ከሁሉም ይፈጥናል።

ቻርጁን መከታተል ለሚባለው ደግሞ ስልክ ሳይሆን ማካፈል ይበቃል። የኔዋ ባትሪ 38.88 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ከ30 ወደ 80 ፐርሰንት ለማድረስ ግማሹን፣ 19 ተኩል ገደማ ይፈልጋል፤ ሲሞላ በሙቀት የሚባክነው ሲጨመር 22። ለ3.5 ሲካፈል ስድስት ሰዓት ከሩብ። ማታ 3 ሰዓት የሰካኋት ሌሊት 9 ሰዓት ከሩብ ትጨርሳለች፤ 80 ላይ ቁሚ የሚለውንም፣ ስንት ሰዓት ጀምሪ የሚለውንም በራሷ ስክሪን ላይ አንዴ አስተካክዬ ትቼዋለሁ። ስክሪኑ ቻይንኛ የሆነበት ሰው አንድ ቀን የሚያነብ ሰው ይጋብዝና የቦታውን ምልክት በወረቀት ይሳል፤ እኔ እንዲያ ነው ያደረግሁት፣ ወረቀቱ አሁንም ፀሐይ መከላከያው ላይ ተለጥፏል።

ጸሐፊው በዚሁ ነጥብ ሥር አንድ ነገር ጨምረዋል፦ አፕ ከሌለ ሰው መኪናው ሞልቶ ሳለ ቻርጀሩን ይዞ ይተኛል፣ ወረፋም አይከበርም። የሐይቁ ዳሩ ጥበቃ ከዚያ የነሐሴ ምሽት ወዲህ 32 ገጽ ደብተር ገዝቷል። ታርጋ፣ የገባበት ሰዓት፣ የባለቤቱ ስልክ ቁጥር፤ ባለ ቁልፍም ይሁን ባለ ስክሪን አይጠይቅም። መኪናው ሲሞላ ይደውላል፣ ካላነሳህ ሁለቴ ይደውላል፣ በሦስተኛው ከቡና ቤቱ ድረስ መጥቶ በስምህ ይጠራሃል። ትናንት ማታ ሦስተኛ ነበርኩ፤ ከላዬ በእርሳስ «መምህር፣ ወረታ» የሚል ተጽፏል።